ታቦቱ የት ነው ከማለት በፊት

የቃል ኪዳኑን ታቦት አገኘሁ የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ በኢየሩሳሌም ከቤተ መቅደሱ ኮረብታ ሥር ተሸሽጓል ይላል፤ ሌላው ወደ ናባው ተራራ ያመለክታል፤ አክሱም ጽዮን ደጃፍ ካሜራ ተክሎ የሚቆመውም ብዙ ነው። ፊልም ይሠራል፣ መጽሐፍ ይታተማል፣ በዩቲዩብ ይሠራጫል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የት አለ?

የጥንት እስራኤላውያን መጻሕፍት ግን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ኦሪት ዘጸአት ከምዕራፍ 25 እስከ 31 የድንኳኑንና የንዋያተ ቅድሳቱን አሠራር ያዝዛል፤ ከ35 እስከ 40 ደግሞ እንዴት እንደ ተሠሩ ይተርካል። ክንዱ፣ ቀለበቱ፣ መጋረጃው፣ ካስማው ሁለት ሁለት ጊዜ ይነገራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ሲያቃጥል የዘረፈውን የሚዘረዝረው መጽሐፈ ነገሥት ምንቸቱንና መጫሪያውን ሳይቀር ይቆጥራል። ታቦቱን ግን አያነሣም። ስለ አሠራሩ ይህን ያህል የጻፈ ወግ በዚያ ዝርዝር ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ፈላጊዎቹ የሚሮጡት ይህን ዝምታ በግምት ለመሙላት ነው፤ በሩጫው መሀል ዕቃው ምን ለማለት እንደ ተሠራ የሚጠይቅ አነሰ። ይህ ጉድለት መታረም አለበት፤ ምክንያቱም የእስራኤል ንዋያተ ቅድሳት የሚነግሩት ነገር ከማንኛውም የሀብት ፍለጋ ታሪክ ይበልጣል።

ታቦቱ በመጠኑ ትንሽ ነው። ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ 1 ክንድ ተኩል የሆነ የግራር እንጨት ሣጥን ነው፤ ውስጡም ውጭውም በወርቅ ተለብጧል። በላዩ ከጥሩ ወርቅ የተሠራ የስርየት መክደኛ አለ። በመክደኛው ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ኪሩቤል ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ወደ መክደኛው ያዘነብላሉ።

ለዘመኑ ሰው ይህ ቅርጽ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 በከፈተው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ በመሎጊያ የሚሸከሙት፣ በወርቅ የተለበጠ ሣጥን ተገኝቷል፤ በላዩ የአኑቢስ ምስል ተጋድሟል። በቢብሎስ የተገኘው የንጉሥ አሂራም የድንጋይ ሣጥን ንጉሡን ክንፋም አውሬ በጎኑ ባለው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ያሳያል። ከመጊዶ በወጣ የዝሆን ጥርስ ቅርጽ ላይም ተመሳሳይ ዙፋን አለ። እንግዲህ በዚያ ምድር ያደገ ሰው ክንፍ ያላቸውን ፍጡራን ሲያይ ዓይኑ ወዲያው በመካከላቸው የተቀመጠውን ንጉሥ ወይም አምላክ ይፈልጋል። በታቦቱ ላይ የሚያገኘው ግን ባዶ ቦታ ነው። እግዚአብሔር ሙሴን አነጋግርሃለሁ ያለው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው፤ ምስል የለም፣ ድምፅ አለ።

ከመክደኛው በታች ያለውም የዚያኑ ያህል ይናገራል። መጽሐፈ ነገሥት ሰሎሞን ታቦቱን ወደ ቤተ መቅደሱ ባስገባበት ቀን በውስጡ ከሁለቱ የድንጋይ ጽላት በቀር ምንም አልነበረም ይላል። የመናው መሶብና የአሮን በትር በውስጡ እንደ ነበሩ የሚናገረው ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ነው። በጥንቱ ምሥራቅ ነገሥታት ቃል ኪዳን ሲገቡ የውሉን ጽሑፍ በአማልክቶቻቸው እግር ሥር ያኖሩ ነበር፤ የኬጢያውያንና የግብፅ ነገሥታት ይህን ያደርጉ እንደ ነበር ሰነዶቻቸው ይመሰክራሉ። መጽሐፈ ዜና መዋዕልም ታቦቱን የእግዚአብሔር እግር መረገጫ ይለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ሥዕሉ ይጠራል፤ ዙፋኑ የማይታይ ነው፣ ከመረገጫው ሥር ግን ሕዝቡ የፈረመበት ውል አለ። ታቦቱን ቅዱስ ያደረገው ወርቁ ከሆነ የቱታንክሃሙን ሣጥን በምን ያንሳል?

መሎጊያዎቹም ሊታለፉ አይገባም። ከቀለበቶቻቸው ከቶ እንዳይወጡ ታዝዟል። ቤተ መቅደሱ በድንጋይና በዝግባ ታንጾ ታቦቱ ቋሚ ማረፊያ ካገኘ በኋላ እንኳ የመሎጊያዎቹ ጫፍ በውስጠኛው ክፍል ፊት ይታይ እንደ ነበር ተጽፏል። በአንድ ቦታ ታስሮ የሚቀር አምላክ የለም የሚለው እምነት በመሠዊያው ዙሪያ ለሚያገለግለው ካህን በየቀኑ በዓይኑ ፊት ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች የድንኳኑ ዝርዝር የዛሬውን ቅርጹን የያዘው በባቢሎን ምርኮ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ። ይህ ትክክል ከሆነ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት፣ ከአገሩ የተነቀለ ሕዝብ ተጠቅልሎ የሚጓዝ መቅደስን ክንድ በክንድ እየለካ ጽፏል ማለት ነው። ምን ያህል ተስፋ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

የታቦቱ ዝና ግን ሌሎቹን ዕቃዎች ጋርዷቸዋል፤ ይህም ሌላው ጉዳት ነው። መቅረዙ ከአንድ መክሊት ጥሩ ወርቅ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ 6 ቅርንጫፎችና 7 መብራቶች ያሉት፣ ጽዋዎቹ የለውዝ አበባ የሚመስሉ ዛፍ ነው። በፊቱ ያለው ገበታ 12 ኅብስት ይቀርብበታል፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ተርታ ይደረደራል፣ በየሰንበቱም ይለወጣል። በባቢሎን ቤተ መቅደሶች በየቀኑ ለአማልክት ምግብ ይቀርብ ነበር፤ አማልክቱ ይመገቡታል ተብሎ ይታመናል። በእስራኤል ኅብስቱን የሚበሉት ካህናቱ ናቸው። ገበታው ተመሳሳይ፣ የተቀመጠበት ሐሳብ ግን የተለየ ነው፤ እዚህ አምላክ አይራብም፣ ሕዝቡ ግን በፊቱ ማዕድ ያኖራል።

ንዋየ ቅድሳቱ የተሠሩበት ነገር ከየት እንደ መጣ ደግሞ መጽሐፉ አይደብቅም። ካህናቱ እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበት የናስ መታጠቢያ የተሠራው በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ከሚያገለግሉ ሴቶች መስተዋት ነው። ያን ጊዜ መስተዋት የተወለወለ ናስ ነበር። ሴቶቹ ፊታቸውን የሚያዩበትን ሰጡ፤ ካህኑ ወደ መሠዊያው ከመቅረቡ በፊት በእነርሱ ስጦታ ታጠበ። ስማቸው አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ያለ እነርሱ መታጠቢያ አንድም ካህን ወደ አገልግሎት አይገባም፤ ሳይታጠብ የገባ ይሞታልና። በየዓመቱ ስለ ታቦት በሚሰጠው ስብከት እነዚህ ሴቶች ስንት ጊዜ ይነሣሉ?

የብሩም ነገር እንዲሁ ነው። በተቆጠሩት 603,550 ወንዶች ላይ ግማሽ ሰቅል ብር ተጣለ፤ ሀብታሙ እንዳይጨምር፣ ድሃውም እንዳያጎድል ተከለከለ። ከዚህ ብር 100 መክሊቱ ፈስሶ 100 እግሮች ተሠሩ፤ የማደሪያው ሳንቆችና የመጋረጃው ምሰሶዎች የቆሙት በእነርሱ ላይ ነው። ያንን ቅዱስ ቤት ከመሬት የለየው የሁሉም እኩል ግማሽ ሰቅል ነበር። የእጅ ሥራውን የመሩት ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልና ከዳን ነገድ ኤልያብ ናቸው። በባስልኤል ላይ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት የተባለው ወርቅ ሊያነጥር፣ ዕንቁ ሊቀርጽ፣ እንጨት ሊጠርብ ነው። አንጥረኛና ጠራቢ ለረጅም ዘመን በተናቀበት በኛ አገር ይህ ምዕራፍ ደጋግሞ ቢነበብ ብዙ ቁስል ይነካ ነበር።

የሊቀ ካህናቱ ልብስም በጨርቅ የተሠራ ትምህርት ነው። በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ሁለት የመረግድ ድንጋዮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የስድስት ነገድ ስም ተቀርጿል። በደረቱ ኪስ ላይ ደግሞ 12 የተለያዩ ዕንቁዎች፣ እያንዳንዱ የአንድ ነገድ ስም ይዞ ተደርድሯል። ስሙ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ምክንያት ግልጽ ይመስላል፤ ትከሻ ይሸከማል፣ ልብ ያስባል። ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስት ሲገባ ብቻውን የሚገባ መስሎ ሕዝቡን ሁሉ ይዞ ይገባል። በቀሚሱ ዘርፍ ዙሪያ የወርቅ ሻኩራና ሮማን እየተፈራረቁ ተሰፍተዋል፤ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ።

መሠዊያውን በተመለከተ ደግሞ ኦሪት አንድ አስደናቂ ሕግ አላት። የድንጋይ መሠዊያ ከተሠራ ባልተጠረበ ድንጋይ ይሁን፤ መሣሪያ ከነካው ይረክሳል። ወርቅ በሚቀጠቀጥበት፣ ሐር የመሰለ ጥልፍ በሚሠራበት በዚያው ሕግ ውስጥ የሰው ጥበብ እጁን እንዲሰበስብ የሚታዘዝበት ቦታ አለ። ደም በሚፈስበት ስፍራ ሰው በሥራው እንዳይመካ ይመስላል።

እነዚህ ምልክቶች ግን ራሳቸውን አያስከብሩም፤ ሰው ሊያበላሻቸው ይችላል። መጻሕፍቱም ይህን ለመናገር አያፍሩም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ሲሸነፉ ሽማግሌዎቹ ታቦቱን ከሴሎ አስመጡ። ታቦቱ ሰፈሩ ሲደርስ ምድር እስኪናወጥ እልል ተባለ። ውጤቱ 30,000 እግረኛ ወደቀ፣ የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ሞቱ፣ ታቦቱም ተማረከ። ታቦቱ ኃይል እንዳልጎደለው ተራኪው ወዲያው ያሳያል፤ በአዛጦን የዳጎን ምስል በፊቱ ተደፍቶ ተገኝቷል፣ ታቦቱም ከሰባት ወር በኋላ በሁለት ላሞች ተስቦ ወደ ቤትሳሚስ ተመልሷል። የከሸፈው ታቦቱን እንደ ጋሻ ይዞ የመዋጋት ሐሳብ ነው። ውሉን የጣሱ ሰዎች የውሉን ሣጥን ተሸክመው ሊያሸንፉ አሰቡ።

ከዚያ ወዲያ ይህን ትምህርት በሚገባ የተረዳው ዳዊት ነው። በአቤሴሎም ዓመፅ ከኢየሩሳሌም በባዶ እግሩ ሲሸሽ ካህኑ ሳዶቅና ሌዋውያን ታቦቱን ተሸክመው ተከተሉት። ዳዊት መለሳቸው። እግዚአብሔር ከወደደኝ ይመልሰኛል፣ ካልወደደኝ የፈቀደውን ያድርግብኝ ነበር ሐሳቡ። ታቦቱ በእጁ የነበረ ንጉሥ፣ ዙፋኑን ሊያጣ በተቃረበበት ሰዓት፣ መጠቀሚያ አላደርገውም አለ። በፊቱ ከዘለለበትና ካሸበሸበበት ቀን ይልቅ ለታቦቱ ያለውን ክብር የሚያሳየው ይህ ቀን ነው።

ከሁሉ የከረረው የናሱ እባብ ታሪክ ነው። ሙሴ በምድረ በዳ ሠርቶ የሰቀለው፣ በእባብ የተነደፈ ሁሉ አይቶት የዳነ፣ ለመሥራቱም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ያለው ዕቃ ነበር። ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ ሕዝቡ ያጥኑለት ጀምረው ነበርና። ከዚህ በላይ ክብር ያለው ቅርስ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም መጽሐፉ ንጉሡን የሚያመሰግነው ስለ ሰበረው ነው። የአርኪዮሎጂ ሊቁ ቤኖ ሮተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1969 በቲምና የመዳብ ማዕድን ቦታ፣ ግብፃውያን ለእንስት አምላካቸው ለሃቶር ሠርተውት ኋላ ምድያማውያን የድንኳን መቅደስ ባደረጉት ስፍራ፣ ራሱ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ የመዳብ እባብ አግኝቷል። የሙሴ እባብ ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ምድረ በዳ እንዲህ ያለ ምልክት ሰዎች ያውቁ እንደ ነበር ግን ያረጋግጣል።

ቁፋሮ በጠቅላላው የሚነግረን የመጻሕፍቱ ነቀፋ ከሜዳ የመነጨ መሆኑን ነው። በኔጌቭ ምድረ በዳ በአራድ ምሽግ ውስጥ ዮሐናን አሃሮኒ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆፍሮ የገለጠው ትንሽ የይሁዳ መቅደስ ቅድስተ ቅዱሳን፣ የቆመ ድንጋይና ሁለት የኖራ ድንጋይ የዕጣን መሠዊያዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኬሚካል ጥናት በአንዱ መሠዊያ ላይ የዕጣን ቅሪት፣ በሌላው ላይ የካናቢስ ቅሪት አግኝቷል። በቤርሳቤህ ደግሞ አራት ቀንዶች የነበሩት ትልቅ መሠዊያ ድንጋዮቹ ተነቅለው በመጋዘን ግድግዳ ውስጥ ተገነቡ፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ እባብ ተቀርጿል። መሠዊያው በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከኦሪቱ ሕግ ጋር አይገጥምም። አንዳንድ ሊቃውንት መሠዊያው የፈረሰው በሕዝቅያስ ተሐድሶ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ይከራከራሉ። በሲና በኩንቲለት አጅሩድ በተገኙ ጽሑፎች ላይ የእግዚአብሔር ስም ከከነዓናውያን እንስት አምላክ ከአሼራ ጋር ተያይዞ ተጽፏል። ተራው ሕዝብ መጽሐፍ እንዳዘዘው ብቻ አላመለከም። ነቢያቱ የጮኹት ጎረቤታቸው የሚያደርገውን አይተው ነው።

ኤርምያስ ከሁሉም በላይ ደፋር ነበር። በቤተ መቅደሱ በር ቆሞ፣ ሕንጻውን እንደ መድኅን ለሚቆጥሩ ሰዎች፣ ቀድሞ የታቦቱ ማደሪያ ሆና ኋላ የፈረሰችውን ሴሎን ሂዱና እዩ አላቸው። በሌላ ስፍራም ታቦቱ የማይታሰብበት፣ የማይፈለግበት፣ ዳግመኛም የማይሠራበት ዘመን ይመጣል ብሏል። ታቦት ፈላጊዎች ይህን ምዕራፍ ሲጠቅሱ አይሰማም።

ዘመኑም መጣ። ቂሮስ የቤተ መቅደሱን ዕቃ ሲመልስ መጽሐፈ ዕዝራ በድምሩ 5,400 የወርቅና የብር ዕቃ ይቆጥራል፤ ታቦት በመካከሉ የለም። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ተሠራ፣ ቅድስተ ቅዱሳኑም ያለ ታቦት ቀረ። አምልኮው ግን አልቆመም። ሮማዊው የጦር አለቃ ፖምፔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ወደ ውስጥ ሲገባ የአምላክ ምስል አለማየቱን ታሲተስ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ70 ቲቶ ቤተ መቅደሱን አቃጠለ፤ የተማረኩት መቅረዝና ገበታ በሮም በቲቶ የድል ቅስት ላይ ዛሬም ተቀርጸው ይታያሉ። የድል አድራጊው ቀራጭ የተሸነፈውን ሕዝብ ምልክት ለዘመናት አቆየለት፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የእስራኤል መንግሥት አርማውን ሲመርጥ የመቅረዙን ቅርጽ የወሰደው ከዚያ ቅስት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያለ ታቦት ቅዳሴ የለም፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥርም ታቦት ተሸፍኖ በካህን ራስ ላይ ይወጣል። ኦሪት ዘኁልቁ ጉዞ ሲነሣ አሮንና ልጆቹ ታቦቱን በመጋረጃው፣ በቆዳና በሰማያዊ ጨርቅ እንዲሸፍኑ፣ የሚሸከሙት የቀዓት ልጆች እንዳያዩት ያዝዛል። ይህን ያነበበ ሰው የጃንሜዳን ሰልፍ ሲያይ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ቤተ እስራኤል በበኩላቸው ታቦት ሳይኖራቸው መስጊድ የሚሉትን የጸሎት ቤት ውስጠኛ ክፍል ቅድስተ ቅዱሳን ብለው ኦሪትን በዚያ አኖሩ። በስግድ በዓል ቀን ቄሶቻቸው ኦሪቱን በጥላ አጅበው ወደ ከፍታ ይወጡ ነበር፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም ያደርጉታል፣ በዓሉም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ መጽሐፍ ተነሥተው አንዱ ጽላቱን፣ ሌላው መጽሐፉን ከመጋረጃው በስተጀርባ አደረጉ። ሁለቱም የሚያስቀድሙት የሚደረገውን ነው፤ ማን ይቀርባል፣ እንዴት ይሸከማል፣ ምን ይሸፈናል።

ትርጉም ከቦታ ይቀድማል የሚለው ክርክር ዛሬ ለኢትዮጵያ ተጨባጭ ጥቅም አለው። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የዘረፋቸው ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም፣ ለተመራማሪ አይቀርቡም፣ ሠራተኞችም እንዳያዩአቸው በተለየ ክፍል ተዘግቶባቸዋል። ሙዚየሙ የቤተ ክርስቲያኒቱን ክልከላ ማክበሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህንኑ ሲያደርግ የሚይዝበትን ምክንያት በገዛ እጁ አፍርሷል። በኤድንበራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘው ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝብ አውራ ጎዳናውን ሞልቶ ተቀብሎታል። ዌስትሚንስተር አቢም እ.ኤ.አ. በ2024 የያዘውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። ሙዚየሙን የሚያስረው እ.ኤ.አ. የ1963 ሕግ ለመያዝ የማይበቁ ዕቃዎችን ባለአደራዎቹ እንዲለቁ የሚፈቅድ አንቀጽ አለው፤ ታቦታቱ እንዲመለሱ የሚጠይቁት ወገኖች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚከራከሩት በዚሁ አንቀጽ ነው። ማንም ሊያየው፣ ሊያጠናው፣ ፎቶ ሊያነሣው የማይችል ዕቃ ለሙዚየም የሚሰጠው አገልግሎት የለም፤ በመንበሩ ላይ ግን ቅዳሴ ይቀደስበታል። ኢትዮጵያውያን ምሁራንና የቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶች በለንደን ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ ሊያስረዱ የሚገባቸው ይህን ነው፤ የዋጋውና የእድሜው ጥያቄ ኋላ ይመጣል።